የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቆሞ የሰነበተ ማሽን ለምን አልነሳ ይላል?

በቤንዚን ስለሚሠሩ የግቢ መሣሪያዎች፣ ማለትም ስለ ሳር ማጨጃ፣ ስለ ቁጥቋጦ መመንጠሪያና ስለ ሞተር መጋዝ፣ የደረሱን ደብዳቤዎች በርከት ስላሉ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተናል። ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን አድርጌ ሳነብ አንድ ነገር ታዘብኩ፤ ማሽኑ በሥራ ብዛት ተዳክሞ የተበላሸበት ጠያቂ ከጥቂቶች በስተቀር የለም። አብዛኞቹ ማሽኖች የተበላሹት ቆመው ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የሰጠሁት መልስ ከሌሎቹ ረዘም ቢል አንባቢያን እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጥያቄ፦ ባለ አራት ምት ሞተር ያለው የሳር ማጨጃ አለኝ። ለመጨረሻ ጊዜ ስጠቀምበት ያለ አንዳች ችግር እየሠራ ነው ያጠፋሁት፤ ከዚያ ወዲህ ለሰባት ወራት ያህል ዕቃ ቤት ውስጥ ቆይቷል። አሁን ግን ክንዴ እስኪዝል ገመዱን ብስብም ሊነሳልኝ አልቻለም። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ በአዲስ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ማንም ያልነካው ማሽን እንዴት ይበላሻል? መካኒክ ዘንድ ከመውሰዴ በፊትስ ራሴ ላየው የምችለው ነገር ይኖራል?

መልስ፦ ማሽንዎን ማንም አልነካውም ማለት አይቻልም፤ በሰልባትዮው ውስጥ የተዉት ቤንዚን ሰባት ወር ሙሉ ሲነካው ከርሟል። ቤንዚን ለዓይን አንድ ወጥ ፈሳሽ ቢመስልም፣ አንዳንዶቹ ቶሎ፣ አንዳንዶቹ በዝግታ የሚተኑ የብዙ ንጥረ ነገሮች ድብልቅ ነው። የቀዘቀዘ ሞተር ገመዱ ሁለት ሦስት ጊዜ እንደተሳበ እንዲነሳ የሚያደርጉት ቶሎ የሚተኑት ሲሆኑ፣ ቀድመው በንነው የሚጠፉትም እነሱው ናቸው። የቀረው ክፍል ደግሞ በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ቀስ በቀስ ይወፍርና ቡናማ፣ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይሆናል። በርካታ ሞተር አምራቾች ያልታከመ፣ ማለትም ማቆያ ኬሚካል ያልተጨመረበት ቤንዚን ከ30 ቀን በላይ በማሽን ውስጥ እንዳይቆይ የሚያሳስቡት በዚሁ ምክንያት ነው።

ቤንዚኑ ኢታኖል ያለበት ከሆነ ሌላ ችግር ይጨመራል። ኢታኖል ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ የሳበው ውሃ ሲበዛም ከኢታኖሉ ጋር ሆኖ ከቤንዚኑ ይለይና ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ነዳጅን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ካርቡሬተር ደግሞ ነዳጅ የሚወስደው ከታች ነው። የአነስተኛ ሞተሮች አምራቾች በአብዛኛው የሚፈቅዱት የኢታኖል መጠን ከ10 በመቶ የማይበልጥ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ያለበትን ነዳጅ ለእነዚህ ማሽኖች ባይጠቀሙ ይመረጣል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በአሮጌው ቤንዚን ላይ አዲስ ጨምሮ መሞከር የተለመደ ቢሆንም የሚፈይደው ነገር የለም፤ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ በጀሪካን ያውጡት። በአፍ በቱቦ መሳብ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ቤንዚን ሰውን ለከባድ ሕመም ይዳርጋል። አዲስ ቤንዚን ከሞሉ በኋላ ቾኩን፣ ማለትም የካርቡሬተሩን አየር መዝጊያ፣ ዘግተው አምስት ስድስት ጊዜ ይሳቡ፤ ካልተነሳ ካንዴላውን ፈትተው ጫፉን ይመልከቱ። ይህች ትንሽ ምርመራ ብዙ ትናገራለች። ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ነዳጁ ወደ ሲሊንደሩ እየደረሰ አይደለም፤ ጥፋቱም የሚፈለገው በካርቡሬተሩ በኩል ነው። በቤንዚን ርሶ ከወጣ ግን ነዳጁ ደርሷልና የእሳት ብልጭታውን ወይም የአየር ማጣሪያውን ይጠርጥሩ፤ በአቧራ የታፈነ ማጣሪያ ጥሩውን ሞተር ያንቀዋል። ማጣሪያው ስፖንጅ ከሆነ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ጥቂት የሞተር ዘይት ተቀብቶ ይመለሳል። የወረቀቱ ዓይነት ግን አይታጠብም፤ በቀስታ መታ መታ ተደርጎ አቧራው ይራገፋል፤ አልጠራ ካለም ይቀየራል።

የእርስዎ ካንዴላ ደረቅ ሆኖ እንደሚያገኙት እገምታለሁ። በካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጁ የሚያልፍባት የነሐስ ቀዳዳ ስፋቷ በብዙ አነስተኛ ሞተሮች ላይ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ያ ቡናማ ዝቃጭ መጀመሪያ የሚደፍነው እሷን ነው። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን የያዘውን ብሎን ሲፈቱ ዝቃጩን በዓይንዎ ያዩታል። ቀዳዳዋን በካርቡሬተር ማጽጃ ይርጩና በቀጭን የናይለን ክር ያጽዱ፤ ነሐስ ለስላሳ በመሆኑ በሽቦ ከተፋቀ ቀዳዳዋ ትሰፋለች፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ከልኩ በላይ ነዳጅ እየጠጣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። እኔም በመጀመሪያው ማሽኔ ላይ ያደረስኩት ጉዳት ይኸው ስለነበር ነገሩን አጥብቄ እናገራለሁ።

ለወደፊቱስ? ከሁለት ወር በላይ የሚቆም ማሽን ሰልባትዮው ተራግፎ፣ በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረውም እስኪያልቅ ሞተሩ ሠርቶ በራሱ እንዲጠፋ ቢደረግ እመርጣለሁ። ሌላው መንገድ የነዳጅ ማቆያ ኬሚካል ጨምሮ ሰልባትዮውን ሞልቶ ማስቀመጥ ነው። ይህም ጥሩ ነው፤ ሆኖም ኬሚካሉ የሚጨመረው በአዲስ ቤንዚን ላይ ብቻ ሲሆን፣ ከተጨመረም በኋላ የታከመው ነዳጅ ካርቡሬተሩ ድረስ እንዲደርስ ሞተሩ ለአሥር ደቂቃ ያህል መሥራት አለበት። አንዴ የተበላሸን ቤንዚን ወደ ደህና የሚመልስ ኬሚካል የለም።

ጥያቄ፦ ባለ ሁለት ምት ቁጥቋጦ መመንጠሪያዬን ወንድሜ ተውሶኝ ሳያውቅ ዘይት ያልተቀላቀለበት ቤንዚን ሞላበት። ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ ጉልበቱ እየደከመ ሄዶ ቀጥ አለ። ማሽኑ ሞቷል ማለት ነው? ትክክለኛው የዘይት መጠንስ ስንት ነው? አንዱ ሃያ፣ ሌላው አርባ ይለኛል።

መልስ፦ ባለ ሁለት ምት ሞተር እንደ ባለ አራት ምቱ ለብቻው የዘይት ማጠራቀሚያ የለውም፤ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚመጣለት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ስለዚህ ያለ ዘይት የሠራባቸው እነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ብረት በብረት ላይ የተፋተገባቸው ደቂቃዎች ናቸው። ሆኖም ተስፋ አይቁረጡ። ማሽኑ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ ቤንዚኑ ይውጣ፤ ከዚያ ካንዴላውን አውጥተው ገመዱን በዝግታ ይሳቡ። ሞተሩ ያለ ችግር ከዞረ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ይፍቱና ጭሱ በሚወጣበት ቀዳዳ በኩል ፒስተኑን በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። የፒስተኑ ጎን ለስላሳ ከሆነ በትክክለኛው ድብልቅ ሞልተው ሊያስነሱት ይችላሉ። ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጥልቅ ጭረቶች ካዩበት ግን እንደገና ለማስነሳት አይሞክሩ፤ ፒስተኑና ሲሊንደሩ በባለሙያ መታየት አለባቸው።

ስለ መጠኑ የሰሙት ሁለቱም ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ በማሽኑ ዓይነት ነው። 50 ለ1 በሚል የተሠራ ሞተር ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ይፈልጋል፤ 40 ለ1 ከሆነ 25፣ 25 ለ1 ከሆነ ደግሞ 40 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የእርስዎ ማሽን የትኛውን እንደሚፈልግ በመመሪያው ላይ፣ ብዙ ጊዜም በሰልባትዮው ክዳን ላይ ተጽፎ ያገኙታል። ዘይቱ በአየር ለሚቀዘቅዙ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች የተዘጋጀው መሆን አለበት፤ የመኪና ሞተር ዘይት ለዚህ አልተሠራም። «ትንሽ ቢበዛ አይጎዳም» የሚባለውንም አይቀበሉ፤ የተትረፈረፈው ዘይት ጥላሸት ሆኖ በማርሚታው ውስጥ ያለችውን የእሳት ፍንጣሪ መያዣ ወንፊት ይደፍናል፤ ሞተሩም ጭሱን ማስወጣት ስለሚያቅተው ጉልበት ያጣል። ድብልቁን በሰልባትዮው ውስጥ ሳይሆን በጀሪካን አዘጋጅተው ይናጡ፤ ጀሪካኑንም ከንጹህ ቤንዚኑ በቀለም ይለዩና በላዩ ላይ ይጻፉበት። እንዲህ ቢደረግ ኖሮ ወንድምዎ ባልተሳሳቱ ነበር።

ጥያቄ፦ ሳር ሳጭድ ማሽኑ የተደበቀ ድንጋይ መትቶ ጠፋ። አሁን ለማስነሳት ስስብ ገመዱን ከእጄ መንጭቆ ይመልስብኛል፤ አንዳንዴ ቢነሳም ይንቀጠቀጣል። ስለቱን ብቻ ብቀይር ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። በሞተሩ አናት ላይ የሚሽከረከረውን፣ መካኒኮች ቮላኖ የሚሉትን ከባድ ክብ ብረት ከዘንጉ ጋር በቦታው የምታቆም ትንሽ ቁልፍ መሰል ብረት አለች። ስለቱ በድንገት ሲቆም ይህች ቁራጭ ልትቆረጥ ወይም ልትጣመም ትችላለች፤ ያን ጊዜ ቮላኖው ጥቂት ዞር ይልና ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ይዛባል። ገመዱን የሚመልስብዎ ይኸው ነው። ቁራጯ ርካሽ ናት፤ ቮላኖውን ማውጣት ግን መሣሪያና ልምድ ይጠይቃል። መንቀጥቀጡ በበኩሉ የተጣመመ ስለት ወይም የተጣመመ ዘንግ ምልክት ነው። የተጣመመ ስለት ተቀጥቅጦ አይቃናም፤ እየተሽከረከረ ሊሰበርና ሊወረወር ስለሚችል ይጣላል። ዘንጉ ከሆነ የተጣመመው፣ ማሽኑን ከመጠገን ሌላ መግዛት የሚሻልበት ጊዜ ይበዛል። ከምንም በፊት ግን ወደ ስለቱ እጅዎን ከመስደድዎ አስቀድሞ የካንዴላውን ገመድ ይንቀሉ፤ ስለቱን በእጅ ማዞር ብቻውን ሞተሩን ሊያስነሳው ይችላል።

ጥያቄ፦ ማጨጃዬ ሩብ ሰዓት ያህል በደንብ ይሠራና ይጠፋል። ጥቂት ካረፈ በኋላ ደግሞ ይነሳል።

መልስ፦ ሲጠፋ የሰልባትዮውን ክዳን ላላ ያድርጉት። አየር ሲስብ ከሰሙና ሞተሩ ወዲያው ከተነሳ በክዳኑ ላይ ያለችው የአየር መግቢያ ቀዳዳ ተደፍናለች ማለት ነው፤ ክዳኑን ያጽዱ ወይም ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ የሳር ማጨጃዬን ሥሩን ለማጽዳት በጎኑ ካጋደምኩት ጀምሮ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። ዘይቱንስ በስንት ጊዜ ልቀይር?

መልስ፦ ማሽኑ ሲጋደም ካርቡሬተሩና የአየር ማጣሪያው ያሉበት ጎን ወደ ሰማይ መዞር አለበት፤ በተቃራኒው ካጋደሙት ዘይቱ ወደ ማጣሪያውና ወደ ሲሊንደሩ ይፈስሳል። ጭሱ ያ ዘይት ተቃጥሎ ሲያልቅ ይተዋል፤ ማጣሪያው በዘይት ከራሰ ግን ይቀይሩት፤ የዘይቱንም ልክ ይዩ። በእጅ የሚገፉ ማጨጃዎች አብዛኞቹ የዘይት ማጣሪያ የላቸውም፤ የሚይዙትም ዘይት ግማሽ ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ቆሻሻው ሁሉ በዚያችው ውስጥ ይከማቻል። የእርስዎ ማሽን መመሪያ የተለየ ካላዘዘ በየ50 የሥራ ሰዓቱ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ ይቀየር፤ ማሽኑ አዲስ ከሆነ ደግሞ ብዙ አምራቾች የመጀመሪያውን ለውጥ ከ5 ሰዓት ሥራ በኋላ ያዛሉ። ሞተሩ ሞቅ ብሎ እንደጠፋ ዘይቱ ቆሻሻውን ይዞ ስለሚወርድ ያን ጊዜ ቢቀየር ይመረጣል።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ። ልጄ ማሽኖቹን የሚጠግነው መኪና በምናቆምበት ቤት ውስጥ ነው። ሲሞክራቸው በሩን ገርበብ አድርጎ እዚያው ያስነሳቸዋል። ራስ ምታት እንደሚይዘው ነግሮኛል፤ «የቤንዚን ሽታ ነው» ይላል። ያሳስበኛል።

መልስ፦ ሊያሳስብዎ ይገባል፤ ልጅዎም ይህን መልስ ዛሬውኑ እንዲያነብ እለምናለሁ። ከነዚህ ሞተሮች ጭስ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ቀለምም ሽታም የለውም፤ ስለዚህ አፍንጫ አያስጠነቅቅም። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ ኦክስጅን ያጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ራስን መሳት በመሆኑ ሰውየው በራሱ እግር ለመውጣት አቅም ላያገኝ ይችላል። የተገረበበ በር ይቅርና ወለል ብሎ የተከፈተ በርም አይበቃም። ማሽኑ ውስጥ ይጠገን፤ የሚነሳው ግን ደጅ ወጥቶ፣ ከመስኮትና ከበርም ርቆ ነው። ልጅዎ ከአሁን በኋላ ሞተር በበራበት ቦታ ራሱን ካመመው ወዲያው ወደ አየር ይውጣ፤ ሐኪምም ይየው፤ ለሐኪሙም በጭስ አጠገብ እንደነበረ ይንገረው።

ደብዳቤዎ ሌላም ነገር አስታወሰኝ። ልጅዎ የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን የሚጨምር ከሆነ ያንንም ይተው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይቀዝቅዝ፤ ሲሞላም ሰልባትዮው አፉ ድረስ አይሙላ፤ ከሞላም በኋላ ከቀዳበት ቦታ ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ ያስነሳው። የቤንዚኑ ጀሪካንም እሳት ወይም ብልጭታ ያለው ነገር ከሚገኝበት ክፍል ወጥቶ፣ አፉ ተከድኖ፣ ከመኖሪያ ቤቱ ተለይቶ ይቀመጥ።