ጥያቄና መልስ፦ የፐልስድ ፓወር ምርምርና የተማሪዎች ውጤት

በዚህ ዕትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ላይ አቅርበናል። ጸሐፊዎቹ የተለያዩ ቢሆኑም የሦስቱም ጥያቄ በአንድ መስክ ላይ ያርፋል።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ምህንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በአሜሪካ በቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የፐልስድ ፓወር ማዕከል እንዳለና በዚህ መስክ የሚያጠኑ ተማሪዎች በዓለም አቀፍ ደረጃ እንደሚሸለሙ አንብቤአለሁ። ማዕከሉ የሚያጠናው ምንድን ነው? ተማሪዎች የሚሸለሙት ምን ሠርተው ነው? እኔስ እዚሁ ሆኜ ምን ልጀምር እችላለሁ? (ይ.፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ፐልስድ ፓወር የሚባለው የኤሌክትሪክ ጉልበትን ቀስ እያሉ አጠራቅሞ በማይክሮ ሰከንድ ወይም ከዚያ ባጠረ ጊዜ ውስጥ በአንዴ መልቀቅ ነው። በቁጥር እንየው። እያንዳንዳቸው 0.1 ማይክሮ ፋራድ የሆኑ 10 ካፓሲተሮች (የኤሌክትሪክ ጉልበት የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) በ20 ኪሎ ቮልት ቢሞሉ በድምሩ የሚይዙት 200 ጁል ብቻ ነው፤ ይህም ባለ 100 ዋት አምፖልን ለ2 ሰከንድ ያበራል። ይኸው ጉልበት በ1 ማይክሮ ሰከንድ ሲለቀቅ ግን ኃይሉ በአማካይ 200 ሜጋ ዋት ይሆናል፤ ለዚያች ቅጽበት የሕዳሴ ግድብ አንድ ተርባይን ከሚያመነጨው ግማሽ ያህል መሆኑ ነው። ካፓሲተሮቹ የሚሞሉት ጎን ለጎን ተያይዘው ሲሆን፣ በመካከላቸው ባሉት ክፍተቶች የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲዘል ግን በተርታ ይያያዙና ወደ 200 ኪሎ ቮልት የሚጠጋ ቮልቴጅ ይሰጣሉ። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የፈለሰፈው ጀርመናዊው ኤርቪን ማርክስ ነው፤ የመስኩ ትልቅ ሽልማትም የሚጠራው በእርሱ ስም ነው።

የቴክሳስ ቴክ ማዕከል የሚገኘው በሉቦክ ከተማ ሲሆን መነሻው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። በግንባታው ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው በትውልድ ኖርዌያዊ የሆኑት ፕሮፌሰር ማግነ ክሪስቲያንሰን ናቸው፤ የመስኩ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1976 የተካሄደው እዚያው ሉቦክ ነው። ማዕከሉ ከሚያጠናቸው ነገሮች መካከል ከፍተኛ ኃይል ያላቸው የማይክሮዌቭ ማመንጫዎች፣ ከሲሊኮን ካርባይድ የሚሠሩ ፈጣን ማብሪያ ማጥፊያዎች እንዲሁም ኢንሱሌተር (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዕቃ) በገጽታው ላይ ብልጭታ የሚያሳልፍበት ምክንያት ይገኙባቸዋል። ከዚያ የሚመረቁት ብዙ ጊዜ እንደ ሳንዲያ ባሉ የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ ሙከራዎች ይቀጠራሉ። በሳንዲያ የሚገኘው ዜድ የተባለው መሣሪያ 26 ሚሊዮን አምፔር የሚደርስ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይለቃል። አንድ ነገር ሳይነገር ባይታለፍ እንወዳለን፦ የዚህ ዓይነቱ ምርምር ገንዘብ በአብዛኛው የሚመጣው ከመከላከያ ስለሆነ፣ የውጭ አገር ዜጋ በአንዳንድ ፕሮጀክቶች እንዳይሳተፍ ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ ማመልከቻ ከመላክህ በፊት አማካሪ ሊሆንህ የሚችለውን መምህር ይህንኑ በግልጽ ጠይቀው።

ወደ ሽልማቱ እንምጣ። የመስኩ ተመራማሪ በነበሩት በአርተር ጉንተር ስም የተሰየመውን የመሰለው የተማሪዎች ሽልማት የሚያከብረው ለመስኩ የተበረከተ ሥራን ነው፤ እንዲህ ያለው ሥራ በተግባር ሲታይ ብዙ ጊዜ ተማሪው በእጁ የገነባው መሣሪያና በእርሱ የለካው፣ ሌላ ሰው ደግሞ ሊያምነው የሚችል ውጤት ነው። ከሁለቱ የሚከብደው ልኬቱ ነው። ብልጭታው ራሱ በዙሪያው ያለውን ሽቦ ሁሉ ስለሚያውክ፣ የቮልቴጅን ለውጥ በመስመር ሥሎ በሚያሳየው መሣሪያ፣ በኦሲሎስኮፑ፣ ላይ የሚታየው ውብ ሞገድ እውነተኛ ቮልቴጅ ይሁን ሁከት በዓይን አይለይም። ጠንቃቃ ተማሪ የመለኪያውን ሽቦ ከኤሌክትሪክ ዑደቱ (ሰርኪዩቱ) ነቅሎ ሁለቱን ጫፎቹን እርስ በርስ ካገናኘ በኋላ መሣሪያውን አንድ ጊዜ ያስነሣዋል፤ ሞገዱ ያን ጊዜም ከታየ የቀደመው ልኬት ሁሉ ይጣላል። በእኛ ግምት ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍን ከመካከለኛው የሚለየው ከቮልቴጁ ብዛት ይልቅ ይህች ፍተሻ ናት።

አንተ እዚያው ደብረ ብርሃን ሆነህ ልትይዘው የምትችል፣ ሉቦክ ያለ ተማሪ ግን በቀላሉ የማያገኘው ርዕስ አለ። ሉቦክ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በባሕር ወለል 1 ሴንቲ ሜትር አየር 30 ኪሎ ቮልት ያህል ይችላል፤ በደብረ ብርሃን ግን አየሩ ስለሚሳሳ 22 ኪሎ ቮልት ገደማ ላይ ሊሸነፍ ይችላል። በመሆኑም በቆላ አገር በደንብ የሚሠራ የብልጭታ ክፍተት ያለ ማስተካከያ እዚያ ቢተከል ሳይታዘዝ ቀድሞ ይተኩሳል። ይህ ጉዳይ በጣርማ በርና በመንዝ ከፍታ ላይ የሚያልፉ የኤሌክትሪክ መስመሮችን ኢንሱሌተርም ይነካል፤ ስለዚህ ለመምህሮችህ ብታቀርበው ጆሮ የሚነፍጉህ አይመስለንም። ለጀማሪ ግን መጀመሪያ በኮምፒውተር፣ ለምሳሌ በነጻ በሚገኘው ኤልቲስፓይስ፣ የኤሌክትሪክ ዑደቱን አስመስሎ መሥራት፣ ቀጥሎም በ12 ቮልት መሞከር ይበቃል። ኪሎ ቮልቱ የሚመጣው ከአማካሪ ጋር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ስለ ከፍተኛ ቮልቴጅ እያጠና እንደሆነ ነገረኝ። መብራቱ ከጠፋ ምንም አያደርግም ይለኛል፤ እውነት ነው? (እናት፣ ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ እናታችን፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ልጅዎ ያለውም ትክክል አይደለም። ካፓሲተር መብራቱ ከጠፋ በኋላም የያዘውን ጉልበት ይዞ ይቆያል። ከዚያም በላይ፣ አንድ ጊዜ ባዶ የተደረገ ትልቅ ካፓሲተር ጥቂት ቆይቶ በራሱ ቮልቴጅ ሊያገኝ ስለሚችል፣ በሥራ ላይ በማይሆንበት ጊዜ ሁለቱ ጫፎቹ በሽቦ ተገናኝተው ይቀመጣሉ። በሥነ ሥርዓት በሚመራ ቤተ ሙከራ ማንም ብቻውን አይሠራም፤ መሣሪያው ሳይነካ በፊትም ከመሬት ጋር በተያያዘ ረጅም ዘንግ ይነካል። ልጅዎን ይህ ዘንግ በቤተ ሙከራቸው ይኖር እንደሆነ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ በኤሌክትሪክ ምት ድንችና ወተት ማዘጋጀት ይቻላል ሲባል ሰማን። የእኛን የወተት ማኅበር ይጠቅመዋል? (የማኅበር ጸሐፊ፣ ከባሶና ወራና)

መልስ፦ የሰማችሁት እውነት ነው። አጭር የኤሌክትሪክ ምት የሕዋሱን ሽፋን ይበሳዋል። ለድንች በሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ቮልት ገደማ ይበቃል፤ ድንቹ ይለሰልስና ሲቆረጥ ሳይሰባበር ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ በአንዳንድ አገሮች ያሉ የድንች ጥብስ ፋብሪካዎችም ይጠቀሙበታል። በፈሳሽ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያንን ለመግደል ግን በሴንቲ ሜትር ከ20 እስከ 40 ኪሎ ቮልት ያስፈልጋል፤ እንዲያም ሆኖ ስፖር የሚባለውን የባክቴሪያ ዘር አይገድልም፣ ወተቱም ቀዝቅዞ መቀመጡ አይቀርለትም። ወተት ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፍ መሣሪያው ትልቅና ውድ ይሆናል። ስለዚህ ማኅበራችሁ ያለውን ገንዘብ በተራ ፓስቸራይዘርና በማቀዝቀዣ ታንከር ላይ ቢያውለው ይሻላል እንላለን። በአካባቢው ድንች ጠብሶ የሚያሽግ ፋብሪካ የሚከፍት ባለሀብት ካለ ግን የምቱን መሣሪያ ዋጋ ቢያጠና አይከፋም።