መልስ፦ ልም አጥንት ነርቭ ሳይኖረው ጫናን እንዴት ያውቃል?

ወዳጄ፣ «ነርቭም የደም ሥርም ከሌለው፣ የልም አጥንት ሴል ጫና መኖሩን በምን ያውቃል?» ላልከው፦ ራሱ ይዳስሳል። አንድ እርምጃ ስትራመድ ጉልበትህ ውስጥ የአጥንቶቹን ጫፍ የሸፈነው ልም አጥንት ይጨመቃል፣ ሴሉም አብሮ ጠፍጠፍ ይላል። ያኔ ሽፋኑ ላይ ያሉ በሮች ተከፍተው ካልሲየም ያስገባሉ። ልከኛውን ጫና በዋናነት የሚያዳምጠው ቲአርፒቪ 4 የሚባለው በር ነው፤ ሴሉም የልም አጥንቱ መገንቢያ የሆኑትን ኮላጅንና አግሪካን ያመርታል። ኃይለኛ ምት ሲመጣ ግን ፒዬዞ የሚባሉት ይከፈቱና የካልሲየሙ ጎርፍ ሴሉን እስከ መግደል ይደርሳል።

ከጫና ሌላ፣ ኬሚካላዊ መልእክትንስ እንዴት ያውቃል? እንደ ኢንተርሉኪን 1 ያለ የብግነት (የሰውነት መቆጣት) መልእክተኛ ሴሉ ላይ ባለው ተቀባይ ሲያርፍ፣ ሴሉ በዙሪያው የገነባውን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ይለቃል። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ግንበኛውም አፍራሹም እሱው!

በነገራችን ላይ፣ ጫና ጭራሽ ማጣትም አይበጀውም፤ እግር ለሳምንታት ታስሮ ሲቆይ ልም አጥንቱ ይሳሳል።