«ቴክሳስ በረሃ ነው ወይ?» ላለችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ጭነት እስኪራገፍ ስጠብቅ አነበብኩት። ከሚኒሶታ ወደ ቴክሳስ ልትመጡ ነው። ባለቤትሽ ዳላስ፣ ኦስቲንና ሂውስተን ላይ ሥራ እያየ ነው። እሱ አለርጂ አለበት፤ እናትሽ ደግሞ ያለ ጓሮ አይሆንላቸውም። «በረሃ ነው የሚሉት እውነት ነው? አየሩስ እንዴት ነው?» ብለሻል። ብዙ ሰው «ይሞቃል፣ ትለምጂዋለሽ» ብሎ መልሶልሻል። እኔ ትንሽ ላርዝመው። የምኖረው ዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ ነው። ዘጠኝ ዓመት ትራክ ነድቻለሁ፤ በዚህ ስቴት ያልሄድኩበት አቅጣጫ የለም።

መጀመሪያ ስፋቱን እወቂው። ወደ 695,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የኢትዮጵያን ግማሽ አልፎ ይሄዳል። አይ-10 የሚሉት አውራ ጎዳና ከሉዊዚያና ድንበር ተነስቶ በኤል ፓሶ በኩል እስኪወጣ ድረስ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ቴክሳስ ውስጥ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር በአንድ ፈረቃ ከ11 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ሕግ ይከለክላል። ስለዚህ ጠዋት ድንበሩ ላይ ካለችው ኦሬንጅ ከተማ ተነስቼ ኤል ፓሶ ሳልደርስ ሰዓቴ ያልቃል። መንገድ ላይ አድራለሁ፤ ያውም ያው ቴክሳስ ውስጥ። «የቴክሳስ አየር እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የሌለው ለዚህ ነው።

እኛ አገር የምንለየው በከፍታ ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ጋቢ የደረበ ሰው ዓባይ ድልድይ ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል፤ ደጀን ሲወጣ መልሶ ይደርባል። ቴክሳስን በዚህ ዓይን ካየሽው ትሳሳቻለሽ። ዳላስ ከባሕር ወለል በላይ 130 ሜትር ገደማ ናት፤ በእኛ አቆጣጠር ደረቅ በረሃ መሆን ነበረባት። ግን በዓመት ከ900 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ቴክሳስ የሚነበበው ወደ ጎን ነው፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ። ኦሬንጅ አካባቢ ዝናቡ 1,500 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ኤል ፓሶ 230 አካባቢ ነው። ወደ ምዕራብ በነዳሽ ቁጥር ዛፉ ያጥራል፣ ይሳሳል፣ እሾህ ያወጣል፣ በመጨረሻም ይጠፋል።

አብዛኛውን ጊዜ ስቴቱን በ10 የተፈጥሮ ክልሎች ይከፍሉታል። ሁሉንም አልዘረዝርልሽም። ለእናንተ የሚሆነውን ላውራሽ።

ምሥራቁ የፓይን ዛፍ ጫካ ነው። ረጃጅም ዛፍ፣ ቀይ አፈር፣ ረግረግ። ከዚያ በታች ወደ ባሕሩ የሂውስተን ሜዳ አለ። መሬቱ እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ስለሆነ ውሃው የሚሄድበት የለውም። በ2017 ሃሪኬን ሃርቪ የተባለው የባሕር አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከሂውስተን በስተምሥራቅ ባለ አንድ ቦታ በጥቂት ቀን ውስጥ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዘንቧል። ኤል ፓሶ ይህን ያህል ለማግኘት ከስድስት ዓመት በላይ ይፈጅባታል። ሂውስተን ከመረጣችሁ ከቤቱ ዋጋ በፊት የጎርፍ ካርታውን እዩ። «ይህ ሰፈር ጎርፍ ገብቶት አያውቅም» የሚል ሻጭ ቢያጋጥማችሁ ጎረቤቱን ጠይቁ።

ዳላስ ስትመጪ ጥቁሩ አፈር ላይ ነሽ። ይህን ረዘም አድርጌ የምነግርሽ ስለተቃጠልኩበት ነው። ከዳላስ በላይ ጀምሮ በዌኮ በኩል እስከ ሳን አንቶኒዮ የሚወርድ ሰፊ ጥቁር መሬት አለ። ድሮ ረጅም ሣር የሞላው ሜዳ ነበር። ታርሶ ጥጥ ተዘራበት፣ ከዚያ ከተማ ተሠራበት። ያልተነካው ሣር አሁን ከ1 በመቶ ያነሰ ነው፤ ሳስበው ያሳዝነኛል። እኔ አድዓ ነው ያደግሁት። ዋልካ፣ እዚያ ኮቲቻ የሚሉትን አፈር፣ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ አባቴ ጤፍ ይዘራበት ነበር። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ አፉን ይከፍታል። ጋርላንድ ቤት ስገዛ ግን ያየሁት የተከረከመውን ሣር ብቻ ነው። ቤቱን ያየልን ባለሙያም ስለ አፈሩ አንድ ቃል አልተነፈሰም። በሁለተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ አለኝ። ከመስኮቱ ጥግ አንድ ስንጥቅ ተነስቶ ሰያፍ ወደ ጣሪያው ወጣ። ወደ ጓሮ ወጥቼ መሬቱን ሳይ እጄ እስከ አንጓዬ የሚገባበት ንቃቃት አለ። ተንበርክኬ አፈሩን በጣቴ ፈረፈርኩት። የአባቴ ማሳ ነው። ቤቱ የቆመው ዋልካ ላይ ነው።

መሠረቱን ማስተካከል ብዙ ገንዘብ በላኝ። አሁን በጋ ሲመጣ በቤቱ ዙሪያ፣ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል አርቄ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጎማ እዘረጋለሁ። አፈሩ እኩል እንዲረጥብ ነው፤ አንዱ ጎን ሲደርቅ ሌላው ሲረጥብ ነው ቤት የሚሰነጠቀው። ዳላስ አካባቢ ቤት ስታዩ ደረቅ ወቅት ላይ ሂዱ። በሮቹን አንድ በአንድ ክፈቺና ዝጊ።

ኦስቲን ደግሞ ልዩ ነገር አላት። ከተማዋ ሁለት አገር ላይ ነው የተቀመጠችው። አይ-35ን ይዘሽ ወደ ደቡብ ስትነጂ በግራሽ ይኸው ጥቁር አፈር ሜዳ ነው፤ በቀኝሽ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ይጀምራል። በምሥራቅ በኩል አካፋው ጭቃ ይዞ ይወጣል፤ በምዕራብ በኩል አንድ ስንዝር ሳትቆፍሪ ድንጋይ ይመታሻል። ኮረብታው ላይ የሞላው ዛፍ የእኛ የሐበሻ ጥድ የቅርብ ዘመድ ነው። እዚያ «ሲዳር» ይሉታል። መጀመሪያ ሳየው የቤተ ክርስቲያን ግቢ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ለባለቤትሽ ዋናው ችግር እሱ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ወንዱ ዛፍ ብናኙን ይለቃል። ቀዝቃዛ ነፋስ ሲመታው ከዛፉ ላይ እንደ ጭስ ቡን ይላል፤ እሳት የተነሳ መስሎት የእሳት አደጋ የሚጠራ ሰው አለ። አለርጂ ያልነበረበት ሰው እንኳ ጥቂት ዓመት ከኖረ በኋላ ዓይኑ ሊያብጥ፣ አፍንጫው ሊዘጋ ይችላል። ዳላስም ነፋስ ያመጣዋል፣ ግን እንደ ኦስቲን አይሆንም። ከመወሰናችሁ በፊት ጥር ላይ አንድ ሳምንት ኦስቲን አሳድሪው። እነዚያ ኮረብታዎች ጎርፋቸውም ድንገተኛ ነው፤ ድንጋዩ ውሃ አይዝም። በሐምሌ 2025 ጓዳሉፔ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ብዙ ሰው ወስዷል። ወንዝ ዳር ካምፕ ልጆች ይዛችሁ ስትሄዱ የስልካችሁን የአደጋ ማንቂያ አትዝጉ።

ከሳን አንቶኒዮ በታች ወደ ላሬዶ እሾህና ሜስኪት ነው። ሜስኪት ማለት አፋርን የወረረው፣ ፕሮሶፒስ የሚሉት እሾሃማ ዛፍ ዘመድ ነው፤ እዚህ ግን በአገሩ ስላለ ሥጋ ይጠበስበታል። በሰሜን ምዕራብ አማሪሎና ለበክ ያሉበት ከፍተኛ ሜዳ አለ። ጥጥ፣ የነፋስ ማመንጫና ነፋስ። ባዶ ትሬለር ይዤ እዚያ መንዳት አልወድም።

አሁን «በረሃ ነው ወይ?» ላልሽው። አዎ፣ ግን ምዕራቡ ጫፍ ብቻ፣ ከፔከስ ወንዝ ወዲያ። እኔ በጣም የምወደውም እሱን ነው። ቫን ሆርን አካባቢ ሳድር ዝናብ ጠብ ካለ ክሪዮሶት የሚሉት ቁጥቋጦ ሽታው አየሩን ይሞላዋል፤ መስኮት ከፍቼ ነው የምተኛው። ዝናቡም የሚመጣው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው፣ እንደ ክረምታችን። ዳላስ ግን በብዛት የሚዘንበው ግንቦትና ጥቅምት አካባቢ ነው። እዚያ ምዕራብ ላይ ብቻ የእኛ ከፍታ ይሠራል። ፎርት ዴቪስ 1,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ማታ ሹራብ ታስለብስሻለች። ከቴክሳስ ሁሉ ከፍ ያለው ጓዳሉፔ ጫፍ 2,667 ሜትር ነው። እንጦጦ ይበልጠዋል፣ ግን በረሃው መሀል ብቻውን ቆሞ ስታዪው ያስደነግጣል።

ለእናትሽ ጓሮ፦ ዳላስ ከሆናችሁ ዋልካው ላይ በቀጥታ አትትከሉ። በጣውላ ከፍ ያለ መደብ ሥሩላቸውና ኮምፖስት ሙሉበት፤ ጤና አዳም ሥሩ ውሃ ከተኛበት ይሞታል። ጎመኑን በሚኒሶታ ልማድ ግንቦት ላይ እንዳይዘሩት ንገሪያቸው፤ ሙቀቱ ያቃጥለዋል። መስከረም ላይ ይዝሩት፣ ለገና ይቆርጡታል። በጋውን በሶብላ ይያዙበት። የባለቤትሽ ሥራ የት እንደሆነ ሲታወቅ ጻፊልኝ፤ የሰፈሩን አፈር እነግርሻለሁ።