ባለቤቴ የሳይክሌን ቁልፍ ደብቃብኛለች

ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ። የምጽፍልሽ ከሐዋሳ ነው። 58 ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤት የሄድኩት በሳይክል፣ ሥራ የገባሁት በሳይክል፣ ልጆቼን ከኋላ ጭኜ ያመላለስኩትም በሳይክል ነው። ሲጋራ ከ20 ዓመት በላይ አጭሻለሁ። በ2010 ዓ.ም. እርግፍ አድርጌ ተውኩት። አምና ሳል አልለቅ ሲለኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ቱቦ አስነፍተው ለኩኝና ሲኦፒዲ የሚባል የሳንባ በሽታ ነው አሉኝ። የአየር ቧንቧህ ጠቧል፣ የተጎዳው አይመለስም፣ ግን መድኃኒት አለው ብለው በአፍ የሚሳብ ፓፍ ሰጡኝ። ስለ እንቅስቃሴ ማንም ምንም አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲህ ፈራሁ። ገበያም ቤተ ክርስቲያንም በባጃጅ ሆነ። ከጥቂት ሳምንት በፊት አንድ ጠዋት ቀለል ብሎኝ ተነሳሁና ሳይክሌን አውጥቼ ወደ ፍቅር ሐይቅ አቀናሁ። ብዙም ሳልርቅ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ወረድኩና ሁለት ክርኔን መሪው ላይ ደግፌ አጎንብሼ ቆምኩ። እግሬ ይንቀጠቀጣል። አንድ የባጃጅ ልጅ አቆመና «ፋዘር፣ ሰላም ነው? ላድርስህ?» አለኝ። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ትንሽ ቆይቶ ማፈኑ ለቀቀኝ፤ ሳይክሉን እየገፋሁ በእግሬ ተመለስኩ።

ይህን ለባለቤቴ ነገርኳት። ሳይክሉን ጓሮ በሰንሰለት አስራ ቁልፉን ደበቀችው። «ሳንባህን ልትጨርሰው ነው» ትላለች። ልጆቼም ከእሷ ጋር ናቸው። እውነት ሳይክል ሳንባዬን ይጎዳዋል? አርፌ ልቀመጥ ወይስ የምነዳበት መንገድ አለ?

ሳይክሉ የናፈቀው፣ ከሐዋሳ

መልስ

ጋሼ፣ መልሱን ላስቀድምልዎ። በልኩ ከተነዳ ሳይክል ሳንባዎን አይጨርሰውም። ይበልጥ የሚጎዳዎት መቀመጡ ነው።

በዚህ ሕመም ትልቁ ችግር አየር ማስገባቱ ሳይሆን ማስወጣቱ ነው። ቧንቧው ስለጠበበ አሮጌው አየር ወጥቶ ሳያልቅ አዲሱ ይመጣበታል። ቶሎ ቶሎ በተነፈሱ ቁጥር ደረትዎ እየሞላ ይሄዳል፣ ያ ነው የሚያፍንዎት። ሌላው እግርዎ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ በባጃጅ የሄደ ጡንቻ ይደክማል፣ የደከመ ጡንቻ ደግሞ ለዚያችው ሥራ ብዙ አየር ይጠይቃል። የሳንባው ጉዳት በስፖርት አይመለስም፣ እውነቱን ነው የነገሩዎት። እግር ግን ይመለሳል፣ በ58 ዓመትም ይመለሳል፤ እግር ሲጠነክር ያው መንገድ በትንሽ ትንፋሽ ይሄዳል።

መሪው ላይ ተደግፈው መቆምዎ አሳፍሮዎታል። እኔ ግን እዚያ ጋ ስደርስ ደስ አለኝ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ለታካሚዎቼ በመጀመሪያው ቀን የማሳያቸው ይህንኑ አቋቋም ነው። ክርን ሲደገፍ የትከሻና የአንገት ጡንቻዎች እጅን ከመሸከም ያርፉና ደረትን ያግዛሉ። ማንም ሳያስተምርዎ ሰውነትዎ ራሱ አግኝቶታል። የቀረዎት አተነፋፈሱ ነው። በአፍንጫዎ ሁለት እስኪቆጥሩ ያስገቡ፤ ከዚያ ከንፈርዎን ሰብሰብ አድርገው ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው አራት እስኪቆጥሩ ቀስ ብለው ያውጡ። በኃይል አይግፉት። መጀመሪያ ቤት ተቀምጠው ይልመዱት፣ መንገድ ላይ ሲያፍንዎት አዲስ ነገር መማር አይቻልም።

ከመጀመርዎ በፊት ግን ሐኪምዎን ያግኙ። ልብዎንም ይዩልዎ፣ ሲጋራ የሚጎዳው ሳንባን ብቻ አይደለም። ፓፉን ከመውጣትዎ 15 ደቂቃ ቀደም ብለው መውሰድ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ፣ ለብዙ ሰው ይታዘዛል። ሲነዱም ኪስዎ ውስጥ ይሁን። ፓፍ በቀጥታ አፍ ላይ ሲነፋ አብዛኛው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ታች በኩል የፓፉን አፍ ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ቀዳዳ ያብጁና እዚያ ውስጥ ነፍተው፣ በጠርሙሱ አፍ በኩል በዝግታ ይሳቡት። የሚሠሩበትን ለሐኪምዎ ያሳዩት።

አነዳዱ እንዲህ ይሁን። 5 ደቂቃ ይንዱ፣ ይውረዱ፣ 2 ደቂቃ ይረፉ፣ ይድገሙት። ሦስት ዙር፣ በሳምንት 3 ቀን። በየሳምንቱ አንድ አንድ ደቂቃ ይጨምሩ፤ ከብዶዎት ከሆነ ያለበት ይቆይ። የትንፋሽ ማጠሩን ከ0 እስከ 10 ቢለኩት 3 ወይም 4 ላይ መሆን አለበት፣ ማለትም አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ይችላሉ፣ መዝፈን ግን አይችሉም። በዚህ ሕመም ላይ የሚሰጡ የእንቅስቃሴ ሕክምናዎች ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት የሚፈጁ ናቸው፣ ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ለውጥ የለም ብለው እንዳይተዉት።

ሐዋሳ ሜዳ መሆኗ ትልቅ እድል ነው። ወደ ታቦር ተራራ ግን ለጊዜው አይሂዱ። ነፋስ ካለ መጀመሪያ ተጋፍጠውት ይሂዱ፣ ደክሞዎት ሲመለሱ ከኋላ ይግፋዎት። ኮርቻው ዝቅ ያለ ከሆነ ከፍ ያድርጉት፣ ጉልበት በጣም ሲታጠፍ ሆድን ይጫናል። ምሳ በልተው ወዲያው አይውጡ። አቧራና የመኪና ጭስ ያለበትን አስፋልት ይሽሹ፣ ማለዳ ይሻላል።

ደረትዎን ካመመዎት፣ ካዞረዎት፣ ከንፈርዎ ከጠቆረ ወይም ደም ያለበት አክታ ከወጣ ያን ቀን ሳይክሉን ይተዉትና በቀጥታ ሐኪም ቤት ይሂዱ። የጣት ኦክስጅን መለኪያ የሚያገኙ ከሆነ ደግሞ፣ ሐኪምዎ ሌላ ቁጥር ካልሰጠዎት በቀር፣ ከ88 በታች ሲወርድ ያቁሙ።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ልመለስ። እሷ ያየችው መንገድ ላይ የቀረ ባል ነው፣ ብትፈራ አልፈርድባትም። ቀጠሮዎ ላይ ይዘዋት ይሂዱ፣ ከሐኪሙ አፍ ትስማው። ከሰሉና ዕጣኑ እርስዎ ከሚቀመጡበት ክፍል ይውጣ፣ ቡናው ደጅ ይፈላ፤ ጭሱ ለእርስዎ ሕመም ቤንዚን ነው። ለእሷም ቢሆን። ሲጋራ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ፣ በማገዶ ጭስ ብቻ በዚሁ በሽታ የተያዙ ስንት እናቶች አክሜያለሁ። ሳል የምትል ከሆነ እሷም ቱቦውን ትንፋ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አንዱ ልጅዎ ሰዓት ይዞ አብሮዎት ይውጣ። ቁልፉን የምታስረክበው ለእሱ ይሁን። 8ኛው ሳምንት ላይ ስንት ደቂቃ እንደደረሱ ጽፈው ይላኩልኝ፣ እጠብቃለሁ።