ከቴዲ አፍሮ አንድ አልበም ብቻ ከተባለ

«ታናሽ እህቴ ቴዲ አፍሮን የምታውቀው ከቲክቶክ በተቆራረጠ ነው። አንድ አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንድትሰማ ልሰጣት ነው። የቱን ልስጣት?» ብለሃል። የመለሱልህ ሁሉ «ኢትዮጵያ»ን ብለዋል። ጎንደር ተቀምጦ ሌላ የሚል ቢገኝ ነበር የሚገርመኝ። እኔ ግን አልስማማም። ትንሽ ስለሚረዝም ቡናህን ይዘህ አንብበኝ።

ወንድሜ፣ እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ከፒያሳ ማራኪ፣ ከማራኪ አራዳ፣ ቀኑን ሙሉ። ከዚያ በፊት ልጅ ሆኜ ሙዚቃ ቤት ተላላኪ ነበርኩ። ስለዚህ ቴዲን ስሸጠውም ስሰማውም ነው ያደግኩት። ባጃጅ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ተማርኩ። የአልበሙ ዋና ዘፈን ሲመጣ ማንም ይዘፍናል። ያ ምንም አይነግርህም። ሌሎቹ ሲመጡ በመስታወቱ የሰውን ከንፈር እያቸው። ስልኩን ማየት ከጀመረ አልበሙ አልያዘውም። ከንፈሩ ከተንቀሳቀሰ ይዞታል። ሂሳብ እየከፈለ የሚያንጎራጉርም አለ፤ መልሱን እስኪረሳ ድረስ።

«አቡጊዳ» በ1993 ወጣ። ያን ጊዜ የቄስ ተማሪ ነበርኩ፤ ሀሁን ጨርሼ አቡጊዳ ላይ ደርሻለሁ። ወንድሜ ካሴቱን ይዞ ሲመጣ ስሙን አነበብኩና ትምህርታችን በካሴት የወጣ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ለየኔታ ነገርኳቸው። የሆነውን አልነግርህም፤ ጆሮዬ ብቻ ያውቀዋል። ስለዚህ በዚህ አልበም ላይ ፍርድ መስጠት አልችልም። ስሰማው ልጅነቴ ነው የሚመጣብኝ። ለእህትህ ግን ድምፁ ገና እየተሞረደ እንደነበር ይሰማታል። ቴዲን ከወደደችው በኋላ ወደ ኋላ ተመልሳ ትስማው።

«ያስተሰርያል» የ1997 ነው። ሙዚቃ ቤቱ ውስጥ ነበርኩ። ሥራዬ አቧራ መጥረግና ሻይ ማምጣት ሲሆን ደመወዜ አልፎ አልፎ አንድ ካሴት ነበር። ይኸን የወሰድኩ ዕለት እስከ ቤት ሮጥኩ። ማታ መብራት ጠፋ። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ አሮጌ ቴፕ ነበረን። «ላምባዲና» መሐል ላይ እንደደረሰ ድምፁ ተንቋረረና ቆመ። ቴፑ ካሴቱን በላው! ክሩን በኩራዝ ብርሃን ጎትቼ አወጣሁት። እንደ አንጀት ተጠማዟል። የተጨማደደውን ቆርጬ ጣልኩ፣ ሁለቱን ጫፍ በፕላስተር ቀጠልኩ፣ በእስክሪብቶ አጠነጠንኩት። ሠራ። ግን ሁለት ሰከንድ ያህል ጎደለ። እስከ ዛሬ ያ ዘፈን በየትም ቢከፈት እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ውስጤ ይዘልላል። ዋናው ነው የተሳሳተ የሚመስለኝ። በነገራችን ላይ ላምባዲና የሚለው ቃል ከጣልያን የመጣ ነው። ፒያሳን ብቻ አይደለም የተዉልን ማለት ነው።

ሰው ይኸን አልበም የሚያነሳው «ጃ ያስተሰርያል»ን ብሎ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ጊዜው ምርጫ 97 ነው፤ ዘፈኑ የፖለቲካ መነጋገሪያ ሆነ። ድምፁን ዝቅ አድርገው የሚሰሙ ትልልቅ ሰዎች ትዝ ይሉኛል። ግን አልበሙን በዚያ አንድ ዘፈን መለካት በደል ነው። ፖለቲካው አልፎ እንኳ ባጃጄ ውስጥ በከንፈር የሚበልጠው ይኸ ነው። ሲወጣ ያልተወለዱ የማራኪ ግቢ ተማሪዎች የፍቅር ዘፈኖቹን ቃል በቃል ያውቋቸዋል። ከየት እንደሰሟቸው ስጠይቃቸው «እናቴ ቤት ስታጸዳ» ይሉኛል።

ከዚያ ሰባት ዓመት ጠበቅን። «ጥቁር ሰው» በ2004 ለፋሲካ ደረሰ። ሰው በአንድ እጁ ዶሮ፣ በሌላው ሲዲ ይዞ ሲሄድ አይቻለሁ። ስለ ምኒልክና ስለ ዓድዋ የተዘፈነው የአልበሙ መጠሪያ ከሠራቸው ሁሉ ትልቁ ነው ብል የሚከራከረኝ ጥቂት ነው። ችግሩም እሱ ነው። አንድ ዋርካ ሥር ሌላው አይበቅልም። «ስለ ፍቅር»ን ስንት ሰው በጸጥታ ሰምቶታል? «ፊዮሪና»ስ? ያን ጊዜ ከኤርትራ ጋር ድንበሩ ዝግ ነበር። ከወዲያ ማዶ ዘመድ ያላቸው ሰዎች ይኸን ስም ሲሰሙ ዝም ይሉ ነበር። አንዷ ተሳፋሪ መውረጃዋ ደርሶ «ይለቅ፣ እወርዳለሁ» ብላኝ ቁጭ ብላ አስጨርሳዋለች። እኔም ከእርሷ ጋር ቆሜ ጠበቅኩ፤ ከኋላዬ ጡሩምባው ቀለጠ።

አሁን ወደ «ኢትዮጵያ» ልምጣ። ሚያዝያ 24 ቀን 2009 ወጣ። በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ለኛ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ አልክድም። «አፄ ቴዎድሮስ» የሚለው ዘፈን ደግሞ እኛ ጋ ሌላ ነው። ኤርፖርታችን በስማቸው፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ በስማቸው፣ ሐውልታቸው ከተማው መሐል። ዘፈኑ የወጣ ሰሞን ሌላ ከከፈትኩ «ቀይረው» የሚለኝ ብዙ ነበር።

አንድ ቀን ሁለት ጎረምሶችና አንዲት እማማ ጫንኩ። እማማ ነጠላቸውን ተከናንበዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን መምጣታቸው ነው። ልጆቹ ከዘፈኑ ጋር ይጮኻሉ። እማማ ትንሽ ሰሙና «እናንተ ልጆች፣ ይኸ የምትጮኹለት እኮ ይችን ከተማ አቃጥሏታል» አሉ። ልጆቹ ደነገጡ። እውነታቸውን ነው። ቴዎድሮስ በ1859 ጎንደርን አዘርፈዋል፣ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጥለዋል። «ከአያቴ ነው የሰማሁት» አሉ። እኔ ዘፈኑን ልቀይር እጄን ዘረጋሁ። «ማን ቀይር አለህ?» ብለው ተቆጡኝ። «የቋራው ልጅ አይደለም እንዴ? ይልቅ ድምፁን ጨምርልኝ፣ ጆሮዬ ደከም ብሏል።»

እኚህ ሴት አልበሙን ከሁላችንም በላይ ነው የሰሙት። የሚዘፈንለትን ሰው ያውቁታል፤ ክፉውንም ደጉንም። እኔም ያልስማማሁት በዚህ የተነሳ ነው። «ኢትዮጵያ» ቀድመህ እንድታውቅ የሚጠብቅ አልበም ነው። «ማር እስከ ጧፍ» በግጥም ከሁሉም ይበልጥብኛል። ግን ፍቅር እስከ መቃብርን ላነበበ ነው ጨው ያለው። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የማያውቅ ልጅ ጥሩ ዜማ ይሰማል፣ ያልፋል። እህትህ አንብባው ከሆነ ምክሬን ገልብጠው፤ በቀጥታ «ኢትዮጵያ»ን ስጣት። ካላነበበች ግማሹ ያመልጣታል።

«ደሞ በአባይ»፣ «አርማሽ» እና «ናዕት» ነጠላ ዜማዎች ናቸውና እዚህ አላስገባኋቸውም። «ናዕት»ን ግን ማታ ብቻዬን ስሆን እከፍተዋለሁ።

ስለዚህ «ያስተሰርያል»ን ስጣት። ምንም ሳታውቅ ልትገባበት ትችላለች። መጠሪያው ዘፈን ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ስትጠይቅህ ንገራት፣ ካልጠየቀች ተወው። ቅደም ተከተሉን አትነካካ። እንደ እኔ ፍላሽ ከሌላ ዘፋኝ ጋር ቀላቅለህም አትስጣት። ስልኳን አስቀምጣ ትስማው።

«ላምባዲና» መሐል ላይ ስትደርስ ደግሞ ጆሮዋን ጣል ታድርግልኝ። እኔ ቆርጬ የጣልኳት ሁለት ሰከንድ እዚያ ናት።