መድኃኒት ከመግዛትህ በፊት ይህን አንብብልኝ

ወንድሜ፣ «ግድቡ በማስተንፈሻው ውሃ በለቀቀ ቁጥር ዓሦቼ ዓይናቸው አብጦ ይሞታሉ፣ የወንዙ ሣርም አረፋ ለብሷል፣ ምን መድኃኒት ልስጥ?» ብለሃል። ምንም አትስጥ። እኔ ሰጥቼ ገንዘቤም ዓሦቼም አለቁ።

1. ኦክስጅን ብቻ ለክተህ አትመን። እኔን ያከሰረኝ ይህ ነው። መለኪያው «ኦክስጅን ጥሩ ነው» ስላለኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተላላፊ በሽታ ስፈልግ ከረምኩ። ለካስ ዋናው ጥፋተኛ ናይትሮጅን ኖሯል። ከግድቡ ላይ የሚወረወረው ውሃ አብዛኛው ናይትሮጅን የሆነውን አየር ይዞ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ እዚያ ግፊቱ አየሩን ያሟሟዋል። ውሃው ወደ ላይ ሲመለስ መያዝ ከሚችለው በላይ ጋዝ ተሸክሞ ነው። ዓሣው በስንጥቡ ያስገባዋል፣ ደሙ ውስጥ አረፋ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ከኮሎምቢያ ወንዝ ግድቦች በታች ሳልሞን የሚባለው ዓሣ በዚሁ ይሞት ነበር፤ የአሜሪካ መመሪያ የተሟሟውን ጋዝ ጣሪያ ውሃው በተለምዶ መያዝ ከሚችለው 110 በመቶ አድርጎታል። የጠቅላላ ጋዝ ግፊት መለኪያ ፈልገህ ተዋስ።

2. የሞተ ዓሣ ይዘህ የግድቡ ቢሮ አትሂድ። እኔ ያደረ ዓሣ ይዤ ሄድኩ። ኃላፊው ከወንበሩ ሳይነሳ «ውሃችን ንጹሕ ነው፣ አያያዝህን አስተካክል» አለኝ። በሠራተኞቹ ፊት ነው ያለኝ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዓሣው ከሞተ በኋላ አረፋው ቶሎ ይጠፋል፣ ማስረጃዬን በእጄ አጥፍቼ ነበር የሄድኩት። በሚቀጥለው ልቀት ገና የሚንፈራገጥ ዓሣ አውጥቼ ክንፉን በማጉያ መነጽር አየሁት። አረፋው በክንፉ ስስ ቆዳ ላይ እንደ ጨሌ ተደርድሯል። ፎቶውን ከነሰዓቱ አስቀመጥኩ። ያው ሰውዬ በኋላ የልቀቱን መርሐ ግብር አስቀድሞ ይልክልኝ ጀመር።

ሣሩን በተመለከተ፣ በቀን ፀሐይ ላይ ያየኸው አረፋ አያሳምንም፤ ተክሉ ራሱ ኦክስጅን ያወጣል። ጎህ ሳይቀድ ሂድ። ድንጋዩና እንጨቱ ሳይቀር አረፋ ከለበሰ ነገሩ የግድቡ ነው። እኔ ጋ አረፋው ሣሩን እያንሳፈፈ ጅረቱ ነቅሎ ወሰደው፣ የዓሣ ጫጩቶቹም መሸሸጊያ አጡ።

ጥልቀቱንም እይ። አንድ ሜትር ዝቅ ማለት ወደ 10 በመቶ የሚሆነውን ትርፍ ጋዝ ያካክሳል። የውሃው ጋዝ 120 በመቶ ከሆነ ሁለት ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ዓሣ አይጎዳም ማለት ነው። ዓሦቼን የማረባበት መረብ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ብቻ ነበር፣ ዓሦቹ ቢፈልጉም መሸሻ የላቸውም። ወደ ሦስት ሜትር አወረድኩት፣ በቀጣዩ ልቀት ትልልቆቹ ተረፉ። ጫጩቶቹን ግን በጊዜ ወደ ኩሬ አዛውራቸው፤ እነሱን አላተረፍኳቸውም።