እግዚአብሔር ምን አለ?

ልጆቼ፣ መዘምራን ማሰልጠን ከጀመርኩ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ገና ስጀምር የሠራሁትን ጉድ ልንገራችሁ። ከእንግሊዝኛ አንድ መዝሙር ተርጉሜ አስጠናሁ። «እግዚአብሔር አለ» የሚል ስንኝ ነበረው፤ አለ ማለት «ይኖራል»። ዜማው ግን እዚያ ላይ ሲደርስ ይሮጣል። «ለ» ለመጥበቅ ጊዜ አጣች፣ ላልታ ወጣች። ስንጨርስ አንድ አባት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እግዚአብሔር ምን አለ?» አሉኝ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጉስታቭ ሆልስትን የወደድኩት ከዚህ በኋላ ነው። በ1874 እ.ኤ.አ. ቼልተናም፣ እንግሊዝ የተወለደ የዜማ ደራሲ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ስለ ፕላኔቶች በጻፈው የኦርኬስትራ ሥራ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት፣ ከ1908 እስከ 1912 የደረሳቸውን የሪግ ቬዳ መዝሙሮች እመርጣለሁ። ሪግ ቬዳ የሕንድ ጥንታዊ የምስጋና መጽሐፍ ነው፤ እሳቱ፣ ውኃው፣ ንጋቱ ሁሉ ይወደስበታል።

የእንግሊዝኛ ትርጉም ጠፍቶ አይደለም። አንብቦት አልጣመውም፤ ለዜማ የሚሆን አልነበረም። ታዲያ ምን አደረገ? ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሄዶ መጽሐፉ የተጻፈበትን ጥንታዊ ቋንቋ፣ ሳንስክሪትን ተማረ። ሊቅም አልሆነ። መዝገበ ቃላት አጠገቡ አድርጎ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገ፣ ስንኙን ራሱ በእንግሊዝኛ ጻፈው። ለሥራው የሚበቃውን ያህል ብቻ ተማረ። ይቺን ነገር በጣም እወዳታለሁ።

መዝሙሮቹ አራት ክፍል ናቸው። ጊዜ ካላችሁ ሦስተኛውን ስሙ፤ ለሴቶች ድምፅና ለበገና መሰሉ ሃርፕ የተጻፈ ነው። ሆልስት ከ1905 ጀምሮ ለንደን ውስጥ የሴቶች ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር፤ የልጃገረድ ድምፅ የት እንደሚያምር ያውቃል።

እናንተም ዜማ ከመያዛችሁ በፊት ግጥሙን አውሩት። ቡና እየጠጣችሁ፣ እንደ ወሬ። የቱ ይጠብቃል፣ የቱ ይላላል? ፊደላችን ይህን አያሳይም፤ የሚያውቀው አፍ ብቻ ነው። በውጭ አገር ያደጋችሁ፣ መዝሙሩን በላቲን ፊደል ጽፋችሁ የምታጠኑ ደግሞ እናታችሁን አስነብቧት። ግዕዝ ከሆነ መሪጌታውን ጠይቁ። ለዚህ ቅኔ ቤት መግባት አያስፈልግም፣ አንድ ከሰዓት ይበቃል።

እኔ ያቺን ስንኝ አስተካከልኳት። «አለ» ላይ አንድ ምት ጨመርኩና ለሚቀጥለው እሑድ አስጠናሁ። እኚያ አባት እንደገና መጡ።

«አሁን አለ» አሉኝ፣ አጥብቀው።